ማተሚያ አለኝ በሰማይ፣ ወረቀቱንም አላይ!

መንግሥታችን ዲጂታል ሆኗል። ይህን በምን አወቃችሁ ብትሉን፣ ራሱ ስለነገረን ነው። “ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025” የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም ጸደቀ። በ2013 ዓ.ም ቴሌብር መጣ። በ2015 ዓ.ም ደግሞ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጣና “ፋይዳ” ሕጋዊ መሠረት አገኘ። ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ጤነኛ ሰው አይቃወመውም። ችግሩ የሚመጣው ከስብሰባ አዳራሹ ወጥተው መስኮት ቁጥር ሦስት ፊት የቆሙ ዕለት ነው። ስልክዎን ገልጠው ፋይዳዎን ቢያሳዩ ከውስጥ ያለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አያይም። “ኮፒውን ይዘው ይምጡ” ይልዎታል። ስንት? “ሦስት!”

እንዴት ነው ነገሩ? መታወቂያው ወረቀት ነበር፤ ስልክ ውስጥ ገባ ተባልን፤ እልል አልን። አሁን ደግሞ ከስልኩ ወጥቶ ወረቀት ካልሆነ አይሠራም። ታዲያ ምኑን ሰለጠንነው? በመካከሉ የጠፋው የባለጉዳዩ ግማሽ ቀንና የኪሱ ብር ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትንሽ ስለሚመስል አንድ ነገር መናገር ነው፤ ከስልክ ላይ ያለ ገመድ ስለማተም። በፈረንጅ አገር ወሬው አርጅቷል። እኛ ዘንድ ግን፣ በተለይ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ጉዳዩ የቤትና የእንጀራ ጉዳይ ነው። ለምን ቢሉ...

ወረቀት ነፍስ የሆነበት አካባቢ

ሦስቱን ከተሞች የማያውቅ የለም። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያባረረው ሠራተኛ፣ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣው ወጣት፣ እርሻው ወደ ከተማ የተካለለበት ገበሬ ጎን ለጎን የሚኖሩባቸው ናቸው። በ2015 ዓ.ም ሦስቱም በዙሪያው ካሉት ሌሎች ከተሞች ጋር “ሸገር ከተማ” በሚል አንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ። ትናንት ከተማ የነበረው ዛሬ ክፍለ ከተማ ሆነ። በዚያው ዓመት የቤት ፈረሳው መጣ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ሪፖርት ያወጡበት ጉዳይ ስለሆነ እኛ የምንጨምርበት የለንም።

የምንለው አንድ ነገር ነው። አስተዳደር ሲለወጥ፣ ወሰን ሲለወጥ፣ ማኅተም ሲለወጥ፣ ሕዝቡ የሚጠየቀው “ወረቀትህ የታለ?” ተብሎ ነው። ካርታው፣ የግዢ ውሉ፣ የግብር ደረሰኙ፣ የልጁ የልደት የምስክር ወረቀት፣ መሸኛው፣ ያላገባ ማስረጃው። በዚህ አካባቢ ወረቀት ማለት ከነገ መኖሪያ ጋር የታሰረ ነገር ነው። ስለዚህ ያ ወረቀት የት እንደሚታተም፣ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚቀር መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

የድሃ ደመና

ከየጽሕፈት ቤቱ በር ፊት ለፊት “ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን” የሚል ሰሌዳ የሰቀለች ጠባብ ሱቅ አለች። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ወጣት። ማመልከቻ በአፋን ኦሮሞ መጻፍ ለማይችለው ይጽፍለታል፤ ቅጽ መሙላት ለከበደው ይሞላለታል፤ “ሲስተም የለም” ተብሎ የተመለሰውን “ከሰዓት ይሞክሩ” ብሎ ያጽናናዋል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መስኮቱ ውስጥ ከተቀመጠው ባለደመወዝ ይልቅ ሕዝቡን የሚያገለግለው ይህ ወጣት ነው።

ስልክዎን ይዘው ሲገቡ የሚልዎትን ያውቁታል። “በቴሌግራም ላኩልኝ!” ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ይልካሉ። ከእርስዎ እጅ እስከ ፕሪንተሩ ያለው ርቀት ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። ፋይሉ የሄደበት መንገድ ግን ሌላ ነው፤ ከስልክዎ ወደ አንቴናው፣ ከአንቴናው ባሕር ተሻግሮ በውጭ አገር ወዳለው የቴሌግራም ኮምፒዩተር፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ሱቁ ውስጥ ወዳለው ኮምፒዩተር። “ደመና” የሚሉት ይህንኑ ነው። ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ነገር የለም፤ በማናውቀው አገር፣ በማናውቀው ሕንፃ ውስጥ የተደረደረ ኮምፒዩተር ነው። እንግዲህ ሳይነገረን በደመና የምናትም ሆነናል ማለት ነው። የድሃ ደመና!

ሥራው አልቆ ሒሳብ ከፍለው ሲወጡ አንድ ነገር ጥለው ይሄዳሉ። ፋይልዎ በሱቁ ቴሌግራም ውስጥ ይቀራል። በኮምፒዩተሩ “ዳውንሎድ” ፎልደር ውስጥም ይቀራል። ስምዎ፣ የልደት ቀንዎ፣ ፎቶዎ፣ የፋይዳ ቁጥርዎ፣ የካርታዎ ቁጥር፣ የፈረሙበት ውል ሁሉ እዚያው ነው። ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰውም አለ፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውም ይጨመራል። ነገ ያ ኮምፒዩተር ቢሰረቅስ? ቢሸጥስ? በዚህ መሬትና ቤት የደላላ መጫወቻ በሆነበት አካባቢ፣ የሰው ካርታና ፊርማ ተሰብስቦ የተቀመጠበት ፎልደር ምን ዋጋ እንደሚያወጣ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ልጁን አንወቅሰውም። “አጥፋ” ብሎ ያስተማረው የለም፤ እሱም እንጀራውን ነው የሚያበስለው። የሚወቀሰው ሰውን ወደዚያች ሱቅ የሚነዳው ነው።

ደመና የሌለበት ገመድ አልባ

ያለ ገመድ ማተም ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱ ስለሚምታቱ እንለያቸው።

አንደኛው በደመና ማተም ነው። ስልክዎ ሰነዱን በኢንተርኔት ወደ አንድ ድርጅት ኮምፒዩተር ይልካል፤ ያ ኮምፒዩተር ደግሞ ለፕሪንተሩ ያቀብላል። የራሱ የኢሜይል አድራሻ የሚሰጠው ፕሪንተር ሁሉ አለ፤ ደብዳቤ እንደሚልኩለት ሰው ይልኩለታል፣ ያትማል። ጥቅሙ፣ ሱሉልታ ቤትዎ ቁጭ ብለው መርካቶ ያለ ፕሪንተር ማዘዝ መቻልዎ ነው። ጉዳቱ፣ ኢንተርኔት ከሌለ እሱም የለም። የደመናው ባለቤት “በቃኝ” ካለም የለም። ለዚህ ምስክር ጉግል ነው። “ጉግል ክላውድ ፕሪንት” የተባለውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2010 አስተዋወቀ፤ ዓለም ሁሉ ስልኩንና ፕሪንተሩን አስመዘገበበት፤ ለአሥር ዓመት ያህል ሠራና እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020፣ ማለትም ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም፣ ተዘጋ። ፕሪንተሩ አልተበላሸም፣ ቀለሙ አላለቀም፤ ደመናው ተበተነ እንጂ። “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ነው እንዴ?

ሁለተኛው በአካባቢ ኔትወርክ ማተም ነው። ስልክዎና ፕሪንተሩ አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ይፈላለጋሉ። ስልኩ “ማተሚያ የሆነ አለ?” ብሎ ይጣራል፤ ፕሪንተሩ “አለሁ” ይላል። ሰነዱ ከግቢ አይወጣም። አፕል ይህን “ኤርፕሪንት” ብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 አመጣው። ካኖን፣ ኤችፒ፣ ሳምሰንግና ዜሮክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 “ሞፕሪያ” የሚባል ማኅበር አቋቁመው የተለያየ ፋብሪካ ፕሪንተርና ስልክ የሚግባቡበትን የጋራ ቋንቋ አበጁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አንድሮይድ 8 ይህን ችሎታ ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ማተም ይችላል፤ ባለቤቱ አያውቅም እንጂ።

ራውተር እንኳ ባይኖርስ? “ዋይፋይ ዳይሬክት” የሚባል አለ። ፕሪንተሩ ራሱ ዋይፋይ ይረጫል፤ በስልክዎ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ “ዳይሬክት” በሚል ቃል የሚጀምር ስም ሆኖ ይታያል። የይለፍ ቃሉን አስገብተው ይገናኛሉ፤ ያትማሉ፤ ይወጣሉ። ልብ በሉ! ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ፓኬጅ አይበላም። ፋይሉም በሱቁ ኮምፒዩተር ውስጥ አያልፍም።

ጌቶች ደመናውን ሲዘጉት

“ኢንተርኔትማ ዛሬ የት ይጠፋል?” የሚል የዋህ ይኖር ይሆናል። ማስታወስ ደግ ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ያህል። ዲጂታል ስትራቴጂው በጸደቀበት በዚያው ዓመት! ከየካቲት 2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ታግደው ነበር። ቪፒኤን የሚያውቅ በጓሮ ገባ፤ የማያውቅ ቀረ። “በቴሌግራም ላኩልኝ” የሚለው የሱቅ ሥራ በዚያ ወራት ምን ይመስል እንደነበር አስቡት።

አንድ ያልታገደ ነገር ግን ነበር፤ “ሦስት ኮፒ አምጣ” ማለት። ደመናውን ሲዘጉብን ወረቀት መጠየቁን አብረው አልዘጉልንም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አቋም ይኸው ነው። በሰበታም ይሁን በቡራዩ ወይም በሱሉልታ፣ ኔትወርክ አንድ ቀን ኖሮ ሌላ ቀን በሚጠፋበት አገር፣ የማተሙ ሥራ መቆም ያለበት በአካባቢ ኔትወርክ ላይ ነው። ደመናው እንግዳ ይሁን፤ ሲመጣ እሰየው፣ ሲሄድም ቤቱ እንዳይፈርስ። እንግዳውን የቤቱ ምሰሶ ያደረገ ጣሪያው ሲደረመስ ማንንም አይክሰስ።

ለባለ ሱቆች ጥቂት ምክር

ፕሪንተር ስትገዙ “ዋይፋይ አለው ወይ? ዋይፋይ ዳይሬክትስ?” ብላችሁ ጠይቁ። በገመድ ብቻ የሚሠራው አሮጌው አይጣል፤ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ በዋይፋይ ለስልኮች ማካፈል ይቻላል። “ካፕስ” የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ይህን ይሠራል፤ ኮምፒዩተር የሚገባው ልጅ ይተክልላችኋል። ደንበኛ የሚገባበትን ዋይፋይና የራሳችሁን ኮምፒዩተር ለዩ፤ ፕሪንተሩ በደንበኛው በኩል ይሁን። ግን አንዳንድ ራውተር በእንግዳ ዋይፋይ ላይ ያሉትን እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይጋርዳል፤ ደንበኛው “ፕሪንተሩ አይታየኝም” ካላችሁ መጀመሪያ ይህን አጣሩ። ፕሪንተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃልም ለውጡ፤ ያ ቃል ዓለም የሚያውቀው ነው።

የፊደል ነገር አለ። በድሮዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሰነድ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተበተነበት ጉድ ሆኖ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉም የየራሱን መንገድ ይሄድ ነበር። መድኃኒቱ ሰነዱን በፒዲኤፍ መላክ ነው፤ ፒዲኤፍ ፊደሉን አብሮ ይሸከማል።

የመብራት ነገርም አለ። ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ትንሽ ባትሪ አይችለውም። ባለ ፈሳሽ ቀለሙ ግን ጥቂት ነው የሚፈልገው፤ መብራት ሲሄድ በትንሽ ኢንቨርተር ይሠራል። ዋይፋይ ዳይሬክት ካለው፣ ያለ መብራትና ያለ ኢንተርኔት ደንበኛ ታስተናግዳላችሁ ማለት ነው።

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ አጥፉ! ማታ ሱቅ ስትዘጉ የሰው ፋይል ከቴሌግራሙም ከፎልደሩም ይሰረዝ። ትልልቆቹ ፎቶ ኮፒ ማሽኖች የራሳቸው ዲስክ ሊኖራቸው ይችላል፤ የቀዱትን ያስቀምጣሉ። ማሽኑን ከመሸጣችሁ በፊት ዲስኩን አስጸዱ። “እዚህ ሱቅ የሰው ፋይል አይቀመጥም” የሚል ወረቀት በር ላይ የለጠፈ ሱቅ ደንበኛ አያጣም፤ እኛም እንመሰክርለታለን።

ለመስኮቱ ባለቤቶች

አሁን ወደ ጌቶች እንመለስ። ሕግ የለም እንዳንል ሕጉ ሞልቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት ሊነፈገው እንደማይገባ ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ ለተፈለገበት ዓላማ ብቻ፣ በሚያስፈልገው መጠንና ጊዜ ብቻ እንዲያዝ ያዛል። ሁለቱም አዋጆች በፓርላማ ጸድቀዋል። ታዲያ መስኮት ቁጥር ሦስት በየትኛው አዋጅ ነው የሚተዳደረው?

“ማጭበርበር እንዳይኖር ነው” ይሉናል። የሰው ያለህ! ለማጭበርበርማ ከፎቶ ኮፒ የሚመች ምን አለ? ፋይዳው ላይ ኪውአር ኮድ አለ፤ በስልክ ካሜራ አንስቶ ማመሳከር ነው። ማመሳከሪያው እጃቸው ላይ እያለ ደብዛዛ ኮፒ አምጡ ማለት፣ ወርቁን በእጅ ይዞ የወርቁን ፎቶ እንደመመዘን ነው።

“በጀት የለም” ይሉናል። ለቢሮው መጋረጃ፣ ለአዳራሹ ባነር፣ ለባለሥልጣኑ መኪና የተገኘው በጀት ለአንድ ዋይፋይ ፕሪንተር እንዴት ይጠፋል? “የወጣቶቹን ሥራ እንዳንዘጋ ነው” የሚል ደግሞ ቢመጣ፣ አሳቢነቱን እናመሰግናለን፤ ግን የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርጉ ጥሪ፣ የነጋዴው ደረሰኝ፣ ሥራ ፈላጊው ማመልከቻ ሁሉ እዚያው ሱቅ ነው የሚታተመው። የእነዚያ ልጆች እንጀራ በባለጉዳይ እንግልት ላይ እንዲጋገር የጠየቁ እነሱ አይደሉም።

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ልክ እንደ ሦስቱ ኮፒ።

አንደኛ፦ መንግሥት ራሱ የሰጠንን ሰነድ ኮፒ አይጠይቀን። መታወቂያውን ያወጣው እሱ፣ ካርታውን የሰጠው እሱ፣ ግብሩን የተቀበለው እሱ። ቅጂው በእጁ ነው፤ ከመዝገቡ ይፈልግ።

ሁለተኛ፦ ወረቀት የግድ ካስፈለገ፣ መስኮቱ አጠገብ ዋይፋይ ዳይሬክት ያለው ፕሪንተር ይቀመጥ። ባለጉዳዩ ከስልኩ በቀጥታ ያትም፤ ዋጋው በግልጽ ይለጠፍ፤ ደረሰኝ ይሰጥ። ሰነዱ ከስልኩ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል፤ በሌላ ሰው ቴሌግራም አያልፍም፤ ባሕር አይሻገርም።

ሦስተኛ፦ የተሰበሰበው ኮፒ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚወገድ በጽሑፍ ይነገረን። በየቁም ሳጥኑ የተከመረው የሕዝብ ፊርማ የአይጥ መኝታ ሆኖ እንዳይቀር፤ ከዚያም የከፋ እጅ እንዳይገባ።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። በዚህ አገር ማተሚያ ማለት ለብዙ ዘመን ሥልጣን ማለት ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም ከተቋቋመ ጀምሮ መኪናውን የያዘው መንግሥት ነበረ፤ በ1985 ዓ.ም የፕሬስ አዋጁ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ የፈሉት የግል ጋዜጦች እንኳ ሲተቹት የዋሉትን መንግሥት ማታ ማተሚያ ቤቱ ደጅ ይጠኑ ነበር። ዛሬ የሰበታው ሠራተኛ በኪሱ ባለ ስልክ ማተሚያ ማዘዝ ይችላል። ትልቅ ለውጥ ነው፤ አንክድም። ግን ማተሚያው ከጌቶች እጅ ቢወጣም ማኅተሙ አልወጣም። ማኅተሙን የያዘ ሰው “ኮፒ” ባለ ቁጥር ስልካችንም ደመናችንም አብረውን ወረፋ ይይዛሉ።

እስከዚያው ድረስ የሱቁ ልጅ ሥራ አያጣም፤ እኛም ሰልፍ አናጣም። ቸር ይግጠመን!